አራጌ የቀበረው ጋን

አባቶቼ፣ እናቶቼ! የተከበራችሁ ቀሳውስት፣ የተከበራችሁ ሼሆቻችን! ከማሻም ከአጅባርም አቧራ ለብሳችሁ የመጣችሁ ወገኖቼ! ቁሙልኝ አልልም፤ ቆማችኋል። አልቅሱ አልልም፤ አልቅሳችኋል። ጆሯችሁን ብቻ ስጡኝ። እኔ የበርበሬ ነጋዴው ጀብሪል ነኝ፤ የሃምሳ አለቃ አራጌ ጎረቤት። ቄሱ "የሚናገር ካለ ይናገር" ሲሉ ባለቤቱ አልታዬ ወደ እኔ አየች። እሷ ካየችኝ ወዴት እሸሻለሁ?

ይህን ሰው ከመቅበራችን በፊት አንድ ስም መቅበር አለብን። አዎ፣ ስም! በድርቁ ጊዜ፣ በስልሳ አምስት፣ አራጌን ምን ነበር የምትሉት? ዝም አትበሉኝ እንጂ! "እህል ደባቂው" አይደል? ዛሬም አጅባር ገበያ ላይ እንዲህ የሚል አልጠፋም። አስከሬኑ ገና ከቤት ሳይወጣ አንዱ ሲያንሾካሹክ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህ ስም አብሮት አፈር አይገባም። ወላሂ አይገባም!

አራጌ በጎልማሳነቱ ኮሪያ ዘምቷል። ስለ ጦርነቱ ስንጠይቀው ግን የሚነግረን ስለ አንዲት አሮጊት ነው። ቤቷ ነዷል። አመዱን በእጇ ጠርጋ፣ መሬቱን ጭራ፣ ከሥር አንድ ጋን አወጣች። ቤቱ ሲነድ ጋኑ መሬት ውስጥ ተርፎላታል። ከዚያ ውስጥ ቀይ ነገር ዘግና ለማታውቀው ወታደር በእጁ ሰጠችው። "እሷ እየራባት እኮ ነው ጀብሪል!" ይለኝ ነበር። "እየራባት ነው የሰጠችኝ!" ኪምቺ ይባላል አለን። ቀይ ሥርን ታውቁ የለ? ይህ በበርበሬ ታሽቶ የቀላ ነጭ ሥር ነው፤ ራዲሽ የሚሉት። ሲመለስ ዘሩን በመሐረብ ቋጥሮ መጣ።

አንድ ቀን ሱቄ ገብቶ "ቅመም ያልነካው በርበሬ ስጠኝ" አለኝ።

"ምን ልታደርገው?"

"ጥሬ ሥር ላሽበት።"

ሳቅሁበት። አልታዬማ "ጥሬ ሥር ልታበላኝ ነው ከሰው አገር የመጣኸው?" ብላ በማማሰያ ልትለው ነበር። ይኸው ሳቀች! ሳቂ እህቴ፣ እሱም ሳቅሽን ይወድ ነበር።

ነጩን ሥር ከትፎ ጨው ይነሰንስበታል፤ ውሃው እስኪወጣ ይተወዋል። ከዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ የእኔን በርበሬ፣ ቀጠን ያለ የዱቄት ሙቅ። እያነጠሰ በእጁ ያሸዋል። ጋን ውስጥ ጠቅጥቆ፣ ድንጋይ ጭኖ፣ ከጓሮው ጥላ ሥር ይቀብረዋል። እዚያ አገር ዓሣ ይገባበታል አሉ። አራጌ ግን "ለጾምም ይሁን፣ ለቄሱም ለሼሁም ይሁን" ብሎ ተወው። እኛ ሥጋ አብረን አንበላም፤ የአራጌን ነጭ ሥር ግን ከአንድ ትሪ በላን።

ድርቁ መጣ። እሱን አልተርክላችሁም፤ ሁላችሁም የቀበራችሁት አላችሁ። ምንጩ ጠብ ጠብ ሲል አራጌ እየቀዳ የነጭ ሥሩን መደብ አጠጣ። ያቺ መደብ ብቻ አረንጓዴ ሆነች። አመሻሽ ላይ ጉድጓድ ሲቆፍር ታየ። አለቀ! "አራጌ እህል ቀበረ!" እኛ አገር ጉድጓድ የሚገባው እህል ነው፤ ሰው ሌላ ምን ይጠርጥር? በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግቢው ዶማና ዱላ በያዘ ሰው ሞላ። ከፊት ማን ነበር? ፈንታሁን! ይኸው አካፋ ይዘህ ቆመሃል። አትደበቅ፣ ማንም አይፈርድብህም። በዚያ ሳምንት ልጅህን ቀብረህ ነበር።

አራጌ በሩ ላይ ቆመ። ጠመንጃው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አልነካውም። "ቆፍሩ፤ ቀስ ብላችሁ ብቻ" አለ።

ፈንታሁን ቆፈረ። ዶማው ሸክላ ነካ። ክዳኑ ሲነሣ ቸስ አለ! ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። "ጂን ነው!" ብላ አንዷ ጮኸች። እኔ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ያ ጀማዓ፣ አጃኢብ ነው! ከብቱ አልቋል፣ ሳሩ ነዷል፣ እኛ ቆመን ሞተናል። ይህ ግን አፈር ውስጥ ይፈላል! ያለ እሳት ይፈላል! ሕይወት አለው! አጃኢብ!

"እህሉስ?" አለ ፈንታሁን። ዶማው ገና ከእጁ አልወረደም።

"እህል የለኝም ወንድሜ። ያለኝ ይሄ ነው። ገና አልደረሰም ነበር፤ ግን ብሉ" አለና ዘግኖ ለፈንታሁን በእጁ ሰጠው። ያቺ አሮጊት ለእሱ እንደሰጠችው።

በመቃብሩ አፍ ቆሜ አልዋሽም። አልጠገብንም። ከረሃቡም ያ ጋን አላወጣንም። ግን ሊገድል የመጣ ሰው ተቀምጦ በላ። ቅጠል ሲያኝክ የከረመ ምላስ ጨው አገኘ። ፈንታሁን እየበላ አለቀሰ። እስከ ዛሬ "በርበሬው ነው" ይለኛል! በርበሬውማ የእኔ ነው፣ አውቀዋለሁ፣ እንደዚያ አያስለቅስም።

ስንወጣ አራጌ ምን አለ? ስድባችሁን ውሰዱልኝ አለ? ካሡኝ አለ? "የተረፈው እንዳይበላሽ አፈሩን በደንብ መልሱልኝ" ነው ያለው። ይኸው ነው! ፈንታሁን በእጁ እየደለደለ መለሰለት።

አብዮቱ ሲመጣ ደግሞ "የንጉሡ ወታደር መሣሪያ ቀብሯል" ተባለ። ደግሞ ዶማ! አብዮት ጠባቂዎች መጡ። ፈንታሁን በር ላይ ቆሞ "እኔ ቆፍሬዋለሁ፣ ጋን ነው!" እያለ ጮኸ። ማን ሰምቶት! ቆፈሩ፤ ጋን ሆነ። አራጌ እነሱንም "ብሉ" አላቸው። በልተው፣ ዓይናቸውን እየጠራረጉ ሄዱ። ይህን ሰው ምን እንበለው? ከምን ነው የተሠራው? ይህን ሁሉ አይተን ያ ስም እንዴት ቀረለት? ወሬው አጅባር ስለደረሰ፣ ጋኑ ስላልደረሰ!

ዛሬ ለእሱ ስንቆፍር ሦስተኛው ቁፋሮ ነው። ጓሮው ውስጥ አንድ ጋን አለ። ሳይታመም የቀበረው ነው። አልታዬ ከቀብር መልስ ይከፈት ብላለች። ከሩቅ የመጣችሁ፣ እንዳትሄዱ። ቄሱም ሼሁም ከአንድ ትሪ እንበላለን። ከዚያ በኋላ "እህል ደባቂ" የሚል ካለ፣ የአራጌን ጉርሻ አፉ ውስጥ ይዞ ይበለው!

አራጌ፣ ወንድሜ! ዘሩ አልታዬ ጋ አለ፤ በርበሬው እኔ ጋ አለ። አታስብ። የአንተ ጓሮ ሁለት ጊዜ ተቆፈረ፤ ሁለቱንም ጊዜ የቆፈረውን አበላህ። ደህና ሁን፣ የዋሁ ጎረቤቴ። አላህ ይቀበልህ፣ እግዜር ይቀበልህ።

በል ፈንታሁን፣ አካፋህን አንሣ። አፈሩን በደንብ መልስለት።