ከመርዶው የቀደመው ፕሮግራም

ክቡራትና ክቡራን። ሽማግሌያችን ጋሽ አራጋው «የስንብት ንግግር እንደዚህ ነው የሚጀመረው» ስላሉኝ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ማይክ ፊት ተቀምጬ ስለፈልፍ ይቺን ቃል አንድም ቀን ብያት አላውቅም።

መጀመሪያ ምስጋና። እትዬ ብርሀንነሽ፣ አዳራሽዎን በእሁድ ቀን ሰጥተውናል፤ ለኛ ብለው ሠርግ መመለስዎን ሰምቻለሁ። ሙሽሮቹ ይቅር ይበሉን። ጀብሪል፣ በበዓል እንኳን የማይዘጋ ሱቅህን ለኔ ብለህ ዘጋህ፤ አላህ ያክብርህ። ሁለቱንም በግ፣ የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም፣ ያሰናዳችሁ፣ ወንበር የተሸከማችሁ፣ ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ።

ከወረዳው የመጣችሁም እንኳን በደህና መጣችሁ። የምስክር ወረቀቱን ተቀብያለሁ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝና በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው። ግን እስቲ ልጠይቅ፤ ስድስት ዓመት እዚሁ ከጀብሪል ሱቅ ጀርባ ስቀመጥ መንገዱ የጠፋው ወረቀት፣ ልሄድ ስል እንዴት አገኘኝ? ሳቁ፣ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ፕሮግራማችን «ጎራ በሉ» እንዴት እንደሚሠራ የማታውቁ እንግዶች አላችሁና ባጭሩ ልንገራችሁ። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን እኔ አወራለሁ። ብዙአየሁ ድምፁን ይቆርጣል፣ ያስተካክላል። ጀብሪል ቴሌግራም ላይ ይጭነዋል፤ ኔትወርኩ ስለማይታመን ደግሞ በሚሞሪ ካርድ እየገለበጠ ለሚኒባስ ሾፌሮች ይሰጣል። ዓርብ ጠዋት ወግዲ፣ ዓርብ ከሰዓት አቀስታ። ከሾፌሩ ገበሬው፣ ከገበሬው ተማሪው ይቀባበለዋል። ኋላ ከአዲስ አበባ የመጡ ልጆች «ይሄ እኮ ፖድካስት ነው» አሉን። እኛ ስሙን ሳናውቅ ሦስት ዓመት ሠርተነዋል።

አሁን እነዚያው ልጆች ጠርተውኝ አዲስ አበባ ልገባ ነው። ለምን እንደምሄድ ግን ከኔ ይልቅ አድማጭ ያውቃል። አቀስታ፣ ሀብታም አግብታ ነው ይላል። ሀብታሙን ያየ ካለ አድራሻውን ይስጠኝ። መካነ ሰላም፣ ገዝተዋት ነው ይላል። አንድ አስተማሪ መንገድ ላይ አስቁመውኝ «ትንሽ ትምህርት ቢኖርሽ ኖሮ ለአገርሽ ታስቢ ነበር» አሉኝ። «ትምህርቱ ያለዎት እርስዎስ ለማን እያሰቡ ነው፣ ጋሼ?» ብያቸው አለፍኩ። ወግዲ ግን ምንም አይልም። እኔን የሚያስፈራኝ ወግዲ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ? የምሄደው ሰው ስለማያናግረኝ ነው። ያዳምጠኛል፣ አያናግረኝም። እነዚህን ዘጠኝ ወራት ልቅሶ ስደርስ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቆማሉ። ዓይናቸው እጄ ላይ ነው፤ ስልኬ ይቀዳ እንደሆነ። ባለፈው ወር የማከብራት ጎረቤቴ በር ላይ ቆማ «ስልክሽን እዚህ አስቀምጪውና ግቢ» አለችኝ። አስቀምጬው ገባሁ። ምን ላድርግ? ግን ሥራዬ ሰው ማናገር ነው። ሰው በር ላይ የሚፈትሻት አቅራቢ ምን ታቀርባለች?

ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከኋላዬ ተወርቷል፣ ቴሌግራም ላይ ተሰድቤበታለሁ፣ ቅሬው ላይ፣ ዕድራችን ላይ ሳይቀር፣ ተነስቷል። እኔ ራሴ ግን አንድም ቀን አውርቼው አላውቅም። ዛሬ እናገረዋለሁ። አንዳንዶቻችሁ ይሄን ፈርታችሁ ነው ምሳውን ሳትበሉ የተቀመጣችሁት፤ ይታየኛል። አብሽሩ፣ አጭር ነው።

የወግዲው ረመዳን ጅዳ ነበር የሚሠራው። በየሳምንቱ ድምፅ ይልክልን ነበር። «አልታዬ፣ ለእናቴ ሰላም በይልኝ፤ ብርዱ እንዴት ነው በይልኝ» ይላል። እናቱ እትዬ ሩቂያ ስልክ የላቸውም። ልጃቸውን የሚሰሙት በኛ በኩል ነው። ዓርብ ሲደርስ ጎረቤት ቤት ሄደው ካርዱ እስኪከፈት ይጠብቁ ነበር።

ጥቅምት ላይ ረመዳን ከሥራ ቦታው ወድቆ ሞተ። እዚያው ቀበሩት። ወሬው እዚህ የደረሰው ማክሰኞ ነው። እንግዲህ በኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። በስልክ አይነገርም። በመንገድ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይቆማል፣ በማለዳ ሐዘንተኛው ከቤቱ ሳይወጣ ደጋፊው አጠገቡ ሆኖ ይነገረዋል። እስከዚያ ድረስ አገሩ ሁሉ አፉን ይዘጋል። ያን ሳምንት ወግዲ ሙሉውን እያወቀ አንዲት እናት ብቻ አታውቅም ነበር። ጎረቤት ዓይኗን እየሸሸ ውኃ ቀዳላት፣ እህል አስፈጨላት። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ይሄን የሚችል ሕዝብ ነው ያለን።

መርዶው ሐሙስ ማለዳ ሊነገር ነበር። ሴት ልጃቸው ከደሴ ስላልደረሰች ወደ ቅዳሜ ተላለፈ። እኔ መተላለፉን አላወቅኩም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስለ ረመዳን ሞት የምናገርበትን ፕሮግራም ስንቀዳ «ለእናቱ ተነግሯል?» ብዬ አንድ ሰው ጠየቅኩ። የኛው ሰው ነው። «ማለዳ ተረድተዋል፤ ልቀቂው» አለኝ። ለቀቅኩት።

ዓርብ ዕለት እትዬ ሩቂያ ለዓይናቸው መድኃኒት ሊወስዱ እዚህ መጥተው በአለኸኝ ሚኒባስ ይመለሱ ነበር። አለኸኝ ሾፌሩ፣ ያው ከኋላ የቆመው ነው። የማን እናት እንደሆኑ አያውቅም ነበር። የነገረኝ እሱ ነው። ካርዱን ከፈተው። እኔ «የወግዲው ረመዳን» ብዬ ስጀምር የመኪናው ሰው ዞሮ እሳቸውን አየ። ከኋላ አንዱ «ዝጋው» አለ። እትዬ ሩቂያ ግን «ተወው፣ የኔ ልጅ ነው። ሰላም ልኮልኝ ነው» አሉ።

አለኸኝም ለሳቸው ብሎ ድምፁን ጨመረው።

ቀጥሎ የመጣው የኔ ድምፅ ነው፤ «አላህ ጀነቱን ይስጥህ» የሚለው።

ዝም አትበሉኝ። ይሄን ዝምታ ዘጠኝ ወር ኖሬበታለሁ።

ሰኞ ስብሰባ ተቀመጥን። ጋሽ አራጋው «ማነው ያጣራው?» ብለው ጠየቁ። ክፍሏ ውስጥ ስድስት ሰው ነበርን። የማውቀው ሰው አፉን ይከፍታል ብዬ ጠበቅኩ። ጣቱን ሲያይ ነበር። በመጨረሻ አንዱ «ያው ፕሮግራሙ የአልታዬ ነው» አለ፤ ስብሰባው በዚሁ ተበተነ። ከዚያ ወዲህ «የሞት ነጋሪ» ተባልኩ። «ሬሳ ላይ አድማጭ የምትሰበስብ» ተባልኩ። ያልተማረች ስለሆነች ነው ተባለ። እኔ አንድ ቀን «እገሌ ነው ያለኝ» ብያለሁ? ደግነት እንዳይመስላችሁ። ደግ አይደለሁም። እሱ ራሱ እንዲናገር ነበር የምፈልገው። በየቀኑ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ድምፄን ሲቆርጥ…

ብዙአየሁ፣ ለምን ተነሳህ? ተቀመጥ፣ አልጨረስኩም።

አትቀመጥም? የምትለው አለህ? እሺ። ጮክ ብለህ በለው። እነ እትዬ ብርሀንነሽ ከዚያ ጥግ አይሰሙህም።

ለኋለኞቹ ልድገምላችሁ። «ተረድተዋል ያልኳት እኔ ነኝ። የሐሙሱን ቀጠሮ ሰምቼ ነበር፤ መነገሩን ግን አልጠየቅኩም» ነው የሚለው። በቃ፣ ይሄው ነው።

ቆይ፣ ማንም እንዳያጨበጭብ። ማንም እንዳይቆጣው ደግሞ። ውኃ ስጡት።

ይቺን ቃል ስንት ወር ጠበቅኳት። ስትመጣ እፎይ የምል ነበር የመሰለኝ። አላልኩም። ምክንያቱን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ እንዳወቅኩት ለመናገር ግን ከሱ ይልቅ እኔ ፈሪ ሆኜ ቆይቻለሁ።

ጋሽ አራጋው፣ ወግዲ ይዘውኝ የሄዱበትን ቀን ያስታውሳሉ። እርስዎና ሸሆቹ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የእትዬ ሩቂያ እግር ላይ ወድቄ «አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። እሳቸው አልተቆጡኝም፤ አልሰደቡኝም። እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው «አውፍ ብያለሁ» አሉኝ። ልንወጣ ስንል ግን በስሜ ጠሩኝ። «አልታዬ፣ ልጄ፣ ምን አስቸኮለሽ?» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ ወጣሁ። መልሱ ነበረኝ እኮ። ያን ሐሙስ አንድ የፌስቡክ ገጽ የረመዳንን ፎቶ ሊለጥፍ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር። የኛ ልጅ፣ ድምፁን እኔ የማውቀው ልጅ፣ በሌላ ሰው አፍ ሊለቀስለት ነው አልኩ። ቀድሜ ላልቅስለት አልኩ። የአለኸኝ ቁጥር ስልኬ ላይ ነበር። በየቀኑ በዚያ ሰፈር ነው የሚያልፈው። አንድ ደቂቃ ደውዬ «መርዶው ተነግሯል ወይ? ሰፈሩን ጠይቅልኝ» ብል ይበቃ ነበር። ሳልደውል የቀረሁት «አልተነገረም» እንዳይለኝ ነው። ቢለኝ ኖሮ ፕሮግራሙን ማስቀረት ሊኖርብኝ ነው፤ ማስቀረት ደግሞ አልፈለግኩም።

ያለኝ ብዙአየሁ ነው። የቸኮልኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ወር ሙሉ የሱን ጥፋት ስቆጥር የኔን እየሸፈንኩበት ነበር። ለእትዬ ሩቂያም ይሄንኑ ትናንት በድምፅ ቀድቼ ለሴት ልጃቸው ልኬላቸዋለሁ። አድምጠውታል። መልስ አልላኩም። አይጠበቅባቸውም።

ብዙአየሁ፣ አንተና እኔ ታርቀናል ወይ? አልታረቅንም። ለዘጠኝ ወር ዝምታ በአንዲት ዓረፍተ ነገር አልታረቅም፤ ታውቀኛለህ። ግን ዛሬ ማንም ሳያስገድድህ ተነስተሃል። ይሄን አልረሳውም። ነገ ጠዋት አለኸኝ የመጀመሪያውን ተራ ይዟል። ወግዲ ሂድ። ጋሽ አራጋው፣ እባክዎን ይዘውት ይሂዱ፤ ብቻውን በሩ ላይ እንዳይቆም። እኔ አልመጣም። የራሴን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ያንተን አልጠይቅልህም።

የኔአለም፣ ከዓርብ ጀምሮ ወንበሩ ያንቺ ነው። አዲስ አበባዎቹ ስሙን ይዘሽ ነይ ብለውኝ ነበር፤ አይሆንም ብያለሁ። «ጎራ በሉ» እዚሁ ይቀራል። አንቺ ዲግሪ አለሽ፣ ቋንቋሽ ከኔ ያምራል፣ እንደኔ ከሁሉም ጋር አትጣዪም። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ሰው ሲሞት የመጨረሻዋ ተናጋሪ ሁኚ። ሁሉም ተናግሮ፣ ሁሉም አልቅሶ፣ ዘመድ ሁሉ ደርሶ ሲያበቃ ያኔ ማይኩን ክፈቺ። አድማጭ ቢቀንስብሽ ይቀንስ። ሰው ግን በሩን አይዘጋብሽም።

እንግዲህ ምርቃቱን ሽማግሌዎች ናቸው የሚያውቁበት፤ የተጣላ ሰው ምርቃት ይያዝ እንደሆነም አላውቅም። ቢሆንም ልሞክር።

ጀብሪል፣ ልጆችህን ያሳድግልህ። እትዬ ብርሀንነሽ፣ አዳራሽዎ ሠርግ ብቻ ያስተናግድ። ጋሽ አራጋው፣ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ሽምግልናዎን የሚሻ ጠብ ግን ይጥፋ። ከወረዳው የመጣችሁ፣ ለሚሠራ ሰው ሳይሄድ በፊት የምትደርሱበትን መንገድ ያሳያችሁ። አድማጮቻችን፣ የሰደባችሁኝም የመረቃችሁኝም፣ ዝናቡ በወቅቱ ይምጣላችሁ፣ አዝመራችሁ ይስመር።

በሰው አገር ልጅ ያላችሁ፣ እዚህ ውስጥ የሌለው ማነው? ልጃችሁ በገዛ እግሩ ቤቱ ይግባ። ደጃችሁን ራሱ ያንኳኳ፣ ስሙን ራሱ ይንገራችሁ።

አሚን በሉ እንጂ።

ብዙአየሁ፣ አንተም ጮክ በል።