የአብሽ ሽታ

በአንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል፣ ገና ክርስትና ያልተነሳ ወንድ ልጅ ግሉኮስ ተሰክቶለት ተኝቷል፤ እናቱ ደብሪቱና አማቷ እማማ የውብዳር ከአልጋው ግራና ቀኝ ቆመዋል።

የውብዳር፦ አጥቢው አልኩሽ! ጡትሽ ሞልቶ ቀሚስሽን እያራሰ ልጅ በረሃብ ይሙት?

ደብሪቱ፦ አልችልም እማማ። ወተት መርዝ ሆኖበታል ብለዋል ዶክተሩ።

የውብዳር፦ የእናት ጡት መርዝ! ዘንድሮ የማይሰማ የለም።

ደብሪቱ፦ የእኔ ብቻ አይደለም፣ የማንም ወተት ነው። የወተቱን ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም የሚባል ነገር አለ፤ እሱ ላይ አይሠራም። ያልተፈጨው እየተጠራቀመ አንጎሉን ይጎዳዋል።

የውብዳር፦ ልጅ ነው ወይስ ወፍጮ ቤት?

ደብሪቱ፦ ሽንቱ አብሽ አብሽ የሚለውም ለዚህ ነው።

የውብዳር፦ እሱማ አንቺ ጠጥተሽ ነው። ወተትሽ እንዲወርድ በእጄ አይደል የመታሁልሽ?

ደብሪቱ፦ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። አብሹን ብተወውም ሽታው ባሰበት። ሰውነቱ ሲዝልብኝ ነው ይዤው የወጣሁት።

የውብዳር፦ የአራስ ቤት ጥለሽ! አሁንስ ምን ሊበላ ነው?

ደብሪቱ፦ ለእሱ የሚሆን ልዩ ወተት ከአዲስ አበባ ይመጣል።

የውብዳር፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ደብሪቱ፦ እማማ፣ ጨንቆኛል። ባጠባው እገድለዋለሁ፤ ሲያለቅስ ደግሞ ጡቴ ሳልነካው ይፈሳል። የት ልግባ?

የውብዳር፦ በእኛ ዘር እንዲህ ያለ በሽታ የለም። ከእናንተ ነው።

ደብሪቱ፦ ከሁለቱም ወገን ካልተወረሰ አይመጣም አሉ። ከዘመድ እንዲህ የሚሸት ሕፃን ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ በእኛ በኩል የለም።

የውብዳር፦ ሽታውን ነው የጠየቁሽ?

ደብሪቱ፦ አዎ። ምነው፣ ፊትዎ ተለወጠ?

የውብዳር፦ ከባልሽ በፊት አንዲት ሴት ልጅ ነበረችኝ፣ አሰገደች። ጎረቤቱ የአብሽ ልጅ እያለ ሲስቅ አብሬ እስቅ ነበር።

ደብሪቱ፦ ምን ሆነች?

የውብዳር፦ እንዲሁ ዛለችብኝ። ቡዳ ነው አሉኝ። አፏን በጣቴ እየከፈትኩ አጠባኋት፤ እስክትሞት ድረስ ጡቴን ከአፏ አላወጣሁም።

ደብሪቱ፦ እማማ፣ ማን ነግሮዎት ይወቁ?

የውብዳር፦ ነይ፣ መቀነቴን ፍቺና ጡትሽን ጥፍር አድርገን እንሰረው። ልጁን እኔ እይዘዋለሁ፤ እኔ ወተት ወተት አልሸትም።