አራተኛው ምንጭ

ኅዳር 1970 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ፤ በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት፣ ረፋድ ላይ፤ ተማሪዋ ፈትለወርቅ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ጋሽ ተድላን ጠረጴዛቸው ላይ ተደግፋ ትለምናቸዋለች።

ፈትለወርቅ፦ ካርዱን ብቻ ይስጡኝ ጋሽ ተድላ! መጽሐፉ ይቅር፤ ከኋላው ኪስ ውስጥ ያለችውን የውሰት ካርድ ብቻ።

ጋሽ ተድላ፦ ድምፅሽን ቀንሺ። እዚያ ጥግ ሰው ተቀምጧል።

ፈትለወርቅ፦ ማነው?

ጋሽ ተድላ፦ አላውቀውም። ጋዜጣ ይዟል፤ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ገጽ አልገለጠም።

ፈትለወርቅ፦ እግዚኦ! ልውጣ ይሆን?

ጋሽ ተድላ፦ የምታነቢ ምሰይ። እንቺ፣ ይሄን መዝገበ ቃላት ክፈቺ። አሁን ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፤ ማን ምን አለሽ?

ፈትለወርቅ፦ አቶ ክፍሎምን ትናንት ከክፍል ወሰዷቸው። ሰሌዳው ላይ «የአሜሪካ መንግሥት አወቃቀር» ብለው ጽፈው ጠመኔውን እንኳ ሳያስቀምጡ። ዛሬ ደግሞ ካድሬው መጣና፣ «በትምህርት ስም የኢምፔሪያሊስት መጽሐፍ ስታገላብጡ የከረማችሁ አናጣችሁም፤ ካርዱ ይናገራል» አለን።

ጋሽ ተድላ፦ ኮሌጁ ራሱ የመዘገባችሁ ትምህርት አይደል እንዴ?

ፈትለወርቅ፦ እስቲ ይሄንን ለሱ ይንገሩት! እኔማ ማስታወሻዬን ቀዳድጄ ሽንት ቤት ጨመርኩት።

ጋሽ ተድላ፦ ያን ሁሉ የደከምሽበትን?

ፈትለወርቅ፦ ስንት ቀን ያመላለስኩዎትን! አቶ ክፍሎም «አራት ምንጭ ያላመጣ ተማሪ ወረቀቱን አላይለትም» አሉ። ሦስቱን እንደምንም አገኘሁ፤ አራተኛውን፣ ይሄንኑ መጽሐፍ፣ እርስዎ ከዕቃ ቤት አቧራውን አራግፈው አመጡልኝ።

ጋሽ ተድላ፦ አስታውሳለሁ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እያልኩ ተኩራርቼ ነው የሰጠሁሽ። ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

ፈትለወርቅ፦ ከነአባቴ ስም ፈርሜበታለሁ። በሞቴ፣ ይቅደዱልኝ!

ጋሽ ተድላ፦ ኪሱ ባዶ ከሆነ ይብሳል። መጀመሪያ የሚጠይቁት የጎደለውን ነው።

ፈትለወርቅ፦ እንግዲያው በቀለም ይሰርዙት።

ጋሽ ተድላ፦ ስርዝ ያየ ሰው ከሥሩ ያለውን ስም ለማንበብ ነው የሚጓጓው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ልጄ።

ፈትለወርቅ፦ ታዲያ ምን ላድርግ? የጎረቤታችንን ልጅ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ነው የወሰዷት። እናቷ እስከ ዛሬ ምሳ ቋጥራ ትመላለሳለች፤ የሚቀበላት የለም። የኔ እናት ይሄን አትችለውም። ፈራሁ ጋሽ ተድላ፣ በጣም ፈራሁ።

ጋሽ ተድላ፦ አታልቅሺ! ሰውየው ቀና አለ።

ፈትለወርቅ፦ አየኝ?

ጋሽ ተድላ፦ ሰዓቱን ነው ያየው። ካርዶቹን ስድስት ሰዓት ላይ ይረከቡኛል።

ፈትለወርቅ፦ ዛሬ? እርስዎም ሊሰጧቸው?

ጋሽ ተድላ፦ እሰጣለሁ።

ፈትለወርቅ፦ እንዴት አስቻለዎት! «ልጄ» እያሉኝ!

ጋሽ ተድላ፦ መጽሐፉ ይኸውልሽ። ካርዱን አውጥተሽ እዪው።

ፈትለወርቅ፦ ይሄ... የኔ ፊርማ የታለ? የማንም ስም የለም! «ተድላ ወልደየስ» ይላል። እርስዎ ብቻ!

ጋሽ ተድላ፦ ትናንት አቶ ክፍሎምን ሲወስዷቸው በመስኮት አየሁ። አዲስ ካርድ አወጣሁ፤ አሮጌው ሻይ ቤቱ ምድጃ ውስጥ አመድ ሆኗል።

ፈትለወርቅ፦ ምን ነካዎት? እርስዎን ቢወስዱዎትስ?

ጋሽ ተድላ፦ ከዕቃ ቤት ያወጣሁት እኔ ነኝ። «ይወገድ አይወገድ ብዬ ለማጣራት አነበብኩት» እላለሁ። የሥራ ግዴታ ነው፤ ሊያምኑኝ ይችላሉ።

ፈትለወርቅ፦ እርስዎ እኮ ከርዕስና ከቁጥር ያለፈ እንግሊዝኛ...

ጋሽ ተድላ፦ እሱ ነው ያስፈራኝ። «ውስጡ ምን ይላል?» ካሉኝ አለቀልኝ።

ፈትለወርቅ፦ ካርዱን መልሰው ይጻፉት! እኔው ልግባበት።

ጋሽ ተድላ፦ የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም። ስንት ሰዓት ሆነ?

ፈትለወርቅ፦ አራት ሰዓት ተኩል።

ጋሽ ተድላ፦ እንባሽን ጥረጊና ወንበሩን ሳቢ። አንቺ አራት ምንጭ ነበረሽ፤ እኔ ያለኝ አንድ ነው፣ አንቺ። በይ፣ መጀመሪያው ምዕራፍ ምን ይላል?