የመዛኙ መልህቅ

ዕድሜውን ሙሉ በእህል መጋዘን ሚዛን ላይ ቆሞ የኖረው ጡረተኛ መዛኝ፣ በጀልባ ዕቃ መሸጫው የተደረደሩትን መልህቆች እያነሣ በእጁ ሲመዝን የእህቱ ልጅ በአጋጣሚ ገባች። የጀልባ አነዳድ ተምራ የምታስተምር ወጣት ናት።

“ጋሼ! ምን እየፈለጉ ነው?”

“ምን እንደምፈልግማ ባውቅ ጥሩ ነበር። አንዱ ማረሻ ይመስላል፣ ሌላው እንደ ዣንጥላ ይታጠፋል። ናላዬ ዞረ፤ ዝም ብዬ ከባዱን ልውሰድ።”

“ድንጋዩስ?”

መዛኙ አንገቱን ደፋ። ባለፈው እሑድ በቅርቡ የገዛትን ጀልባ በመልህቅ ፈንታ በገመድ ባሰረው ድንጋይ ሐይቁ ላይ አቁሞ ሲዋኝ፣ ሚስቱን ጀልባዋ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ነፋስ ተነሣ፤ ብንን ስትል ባሏ የለም፣ ዳርቻውም ርቋል። ዓሣ አጥማጆች ናቸው ጎትተው የመለሷት። ከዚያ ወዲህ ጀልባዋን በዓይኗ ማየት አልፈለገችም። እሱ ደግሞ የገዛት ለብቻው ሊቀዝፍባት አልነበረም፤ ነገሩ እንደ እግር እሳት ያንገበግበዋል።

“ድንጋዩ ቀለለ፤ ሌላ ምን ይሆናል?”

“ይቅርታ ያድርጉልኝና አይደለም። መልህቅ የሚይዘው በክብደቱ ሳይሆን መሬት ቆንጥጦ ነው። የሐይቃችን ወለል ጭቃ ነው፤ ለጭቃና ለአሸዋ ይህ ባለ ሁለት ክንፉ ይበቃል። ድንጋያማ ቢሆን ሌላ እመርጥልዎ ነበር።”

“ይሄማ የሕፃን መጫወቻ ነው! እኔን መዛኙን ስለ ክብደት ልታስተምሪኝ?”

“ገመዱንስ ምን ያህል ለቀቁለት?”

“ወለሉን እስኪነካ ነዋ! ትርፉ ምን ያደርጋል?”

“ጉዱ እሱ ነው። ገመዱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጀልባዋ ወደ ላይ ትነቅለዋለች። የጥልቀቱን አምስት ስድስት እጥፍ ቢለቁለት ግን አግድም ይሳባል፤ ክንፎቹም ይቀበራሉ። ጫፉ ላይ ሰንሰለት ሲጨመርበት ደግሞ ገመዱን መሬት ለመሬት ያስተኛዋል።”

“በተጎተተ ቁጥር ይብስ ይይዛል ነው የምትይኝ?”

“አዎን ጋሼ።”

“አልገባኝም።”

ሰው ዕድሜ ልኩን የኖረበትን መለኪያ በአንድ ከሰዓት ጣለው ሲባል ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ልጅቱም ክርክሩን ትታ ባለ ሁለት ክንፉን አስገዛችውና ወደ ሐይቁ ወሰደችው፤ መልህቁን ጥላ፣ ገመዱን አርዝማ፣ “በሉ ይቅዘፉ” አለችው። ላቡ ጠብ እስኪል ቀዘፈ። ጀልባዋ ወይ ፍንክች!

በሚቀጥለው እሑድ ሚስቱን ለምኖ አሳፈራት።

“ይሄ ቁራጭ ብረት ነው የሚይዘን?” አለች።

“እንዴት እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ እኔም አልገባኝም። ግን ይይዛል። ለማንሣትም ወገቤን አያጎብጠኝም።”

ነፋሱ ተነሣ። ሚስቱ ዳርቻውን አየች፤ ደግማ አየች። ዳርቻው እዚያው ነው። ከዚያ ሻርፗን አጣጥፋ ተንተራሰችና ጋደም አለች።

“በል ሂድ ዋኝ” አለችው።