ያላየሁትን ባሕር ያሞገስሁ ለታ

በእኛ ጊዜ ሰው ውሃ የሚገባው ወይ ለጠበል ነው፣ ወይ ወንዝ ለመሻገር ነው፣ ወይ ገላውን ሊታጠብ ነው፤ አለቀ። ዓሣ ለማየት ብሎ ባሕር ሥር የሚገባ ሰው አለ ቢሉን፣ «ምነው፣ ዓሣው ገበያ አይወጣም?» ብለን እንስቅ ነበር። እናንተ አሁን በዚያች ስልካችሁ ለመጥለቅ ዛንዚባር ይሻላል፣ የለም ግብፅ ይሻላል ስትባባሉ እሰማለሁ፣ እና ሳቄ ይመጣል፤ ለምን በሉኝ፣ እኔ ይህን ምርጫ ከናንተ በፊት መርጫለሁ። አዎ፣ እኔ አያታችሁ። ምን ታፈጡብኛላችሁ? ስሙኝ።

ጣሊያን ከወጣ ብዙ ቆይቶ ነው፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ እዚህ ጎንደር የአንድ ፈረንጅ ሐኪም ሾፌር ነበርሁ። ሸጋ ሰው ነው፣ አማርኛም ይችላል፣ ብቻ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የሚለው። ታዲያ ይህ ዶክተር ከአገሩ ያመጣው ዕቃ አለው፤ በጀርባ የሚታዘል የአየር ቦምቦላ፣ ዓይንና አፍንጫ የሚሸፍን መስታወት፣ እና የዳክዬ እግር የመሰለ የላስቲክ ጫማ። ያንን ታጥቆ ባሕር ሥር ገብቶ እየተነፈሰ ዓሣ ያያል። መያዝ የለ፣ መብላት የለ፣ ማየት ብቻ። የግቢው ዘበኛ አያ አድማሱ፣ የአይከል ሰው ናቸው፣ ያንን ዕቃ ባዩ ቁጥር ያማትባሉ።

እና አንድ ዓመት፣ ዐቢይ ጾም እንደገባ፣ ዶክተሩ የሁለት ሳምንት ዕረፍት አገኘና የት ልሂድ ብሎ መጨነቅ ጀመረ። በረንዳው ላይ ካርታ ዘርግቶ እኔንም አያ አድማሱንም ጠራን። ጣና፣ ሞምባሳ፣ ምፅዋ፤ ሦስቱን በጣቱ አሳየን። አያ አድማሱ ቶሎ ብለው ጣና አሉ፤ ቅርብ ነው፣ ሲመሽ ቤትህ ትገባለህ አሉት። ዶክተሩ፣ የጣና ውሃ ድፍርስ ነው፣ የገዛ ክንዴን እንኳ አላይበትም አለ።

«ክንድህን ለማየት ምን ውሃ ውስጥ አስገባህ?» አሉት አያ አድማሱ።

ሞምባሳ ደግሞ ጓደኞቹ አሉለት፣ ና እያሉ ይጽፉለታል፣ ውሃው ሞቃት ነው፣ ቦምቦላውን የሚሞላለትም አለ። ልቡ ወደዚያ ነበር። የኔ ልብ ግን ምፅዋ ላይ ነው። ለምን? ቆዩ፣ ልንገራችሁ።

ይቺን እዚህ ተቀምጣ ጥጥ የምትፈትለውን አያታችሁን፣ ትርንጎን፣ አጭቻት ነበር። የቁስቋም ሰፈር ልጅ ናት። ታዲያ እናቴ ምን አለች፣ «ታላቅህ ሳይዳር አንተን አልድርም፣ ነውር ነው።» ታላቄ፣ ስሙ ደርሶ ነው፣ አናጢ ነበር፤ ከስድስት ዓመት በፊት ሥራ ፍለጋ ምፅዋ ወረደና ድምፁ ጠፋ። ሦስቴ ደብዳቤ ጻፍንለት፣ መልስ የለም። እኔው ወርጄ ልፈልገው ስላት፣ «አንዱን ልጄን ቆላ በልቶብኛል፤ ሁለተኛውን አልሰጥም፤ ብትሄድ እረግምሃለሁ» አለች። እና ተቀመጥሁ። ዓመት ሄደ፣ ሁለት ዓመት ሄደ፣ ሦስት ዓመት ሄደ። በኋላ የትርንጎ አባት አስጠሩኝና ፊት ለፊት ነገሩኝ፤ «ልጄ፣ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ እጠብቅሃለሁ። አንድ ያዘዞ ነጋዴ ሽማግሌ ልኮብኛል፤ ከዚያ ወዲያ ለሱ ነው የምሰጣት።»

እንግዲህ አስቡት። ዶክተሩ ምፅዋ ካለ የምነዳው እኔ ነኝ፤ አሠሪ ያዘዘውን ደግሞ እናቴ አትከለክልም፣ እንጀራ ነዋ። ዶክተሩ ሞምባሳ ካለ ግን ትርንጎ ሄደች። ገባችሁ?

ታዲያ አፌን ከፍቼ ምፅዋን ማሞገስ ጀመርሁ።

«አንቺ ምፅዋን አይተሻል?» አለኝ።

«እንዴታ፣ ጌታዬ።»

«ውሃው ጥሩ ነው?»

«ሸጋ ነው። አዝራር ቢወድቅብዎ ከላይ ሆነው ያዩታል። ዓሣውም ሰው አይፈራም። ደግሞ ጣዕሙ! ከኛ ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይጣፍጣል፤ እኔ አንድ ጣሳ ጠጥቼ ደግሜአለሁ።»

እኔ ምን ላውቅ? የእኛ ሰው ውሃ አየሁ ካለ መጀመሪያ የሚያወራው ጣዕሙን ነው፤ ይህ ምንጭ ይከብዳል፣ ያኛው ምንጭ ሆድ አይነፋም እየተባለ ነው ያደግነው። ጨው ከዚያ ከቆላው እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ውሃው ራሱ ጨው ነው ያለኝ ግን አንድ ሰው የለም። ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። አያ አድማሱም ምኑም ሳይገባቸው አብረው ሳቁ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድሁ። ከዚያ ምን ላድርግ፣ እውነቱን ዘረገፍሁት፤ ወንድሜን፣ እናቴን፣ ትርንጎን፣ ያዘዞውን ነጋዴ፣ ሁሉን። ዶክተሩ እስከ መጨረሻው ሰማኝና ካርታውን አጠፈ። የዚያኑ ቀን ለጓደኞቹ ሞምባሳ አልመጣም ብሎ ጻፈላቸው። እግዜር ይስጠው፣ ዛሬም ስሙን ሳነሣ ደስ ይለኛል።

ሄድን። ደባርቅን አልፈን፣ ሊማሊሞን ስንወርድ የማኪናው ፍሬን እየሸተተን፣ ተከዜን ተሻግረን፣ አሥመራ አድረን፣ ከአሥመራ ደግሞ ቁልቁል፣ አሁንም ቁልቁል፣ ጆሮዬ ተደፈነ፣ ጋቢዬን አወለቅሁ፣ ኮቴን አወለቅሁ፣ ምፅዋ ስንደርስ በሸሚዝ ቀረሁ። እና ባሕሩን አየሁት። ምን ልበላችሁ፣ ማዶ የለውም።

ዶክተሩ ጀልባ ሊከራይ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ወሰደኝ። ሽማግሌው፣ ጀልባዬ ጥገና ላይ ነው፣ ጎንደሬው አናጢ ዘንድ ሂዱ አለን። ጎንደሬው አናጢ ሲል ዶክተሩን ትቼ ፊት ፊት ሮጥሁ። ብንሄድ ደርሶ ነው። ጠቁሯል፣ ሽርጥ አገልድሟል፣ ምስማር በጥርሱ ይዟል። ተቃቀፍን፣ ተላቀስን። በዚህ መሀል አንዲት ሴት ከጎጆው ብቅ አለች፤ ሕፃን አዝላለች፣ ሁለት ልጆች ቀሚሷን ይዘው ይከተሏታል።

«ማን ናት?» አልሁት።

«ሚስቴ ናታ።»

«መቼ አገባህ?»

«በመጣሁ በዓመቱ። ያለ ሽማግሌ ነው ያገባኋት፣ እናታችን ትረግመኛለች ብዬ ፈራሁ። ለዚህ ነው ያልጻፍሁላችሁ።»

አያችሁ ልጆች? እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ታላቄ ይቅደም ብዬ ቁጭ ብያለሁ፤ ታላቄ ለካስ ቀድሟል፣ ወልዷል፣ ደግሟል፣ ሦስተኛውን አሳዝሏል። ልምታው ወይስ ልሳመው ብዬ ቆሜ ሳለሁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«አንተስ፣ ስንት ልጆች አሉህ?»

ዶክተሩ አሸዋው ላይ ተቀመጠ፤ ሳቅ አላስቆም ብሎት።

በማግሥቱ ጀልባው ተጠግኖ ባሕር ገባን። ዶክተሩ ጠልቆ፣ ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ እኔ ሞተ ብዬ ዳዊት መድገም ስጀምር ብቅ አለ። ከዚያ መስታወቱን አውልቆ ሰጠኝ፣ ፊትሽን ንከሪ አለኝ። ደርሶ ቀበቶዬን ይዞ እኔ ነከርሁ። አፌን ግን ጥርቅም አድርጌ ዘግቻለሁ፤ ጾም ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም፣ ጨው ውሃም ቢሆን ከገባ ይሽራል። እና አየሁ። ቢጫ ዓሣ፣ ሰማያዊ ዓሣ፣ ድንጋዩ ራሱ አበባ አውጥቷል። ይህን ሁሉ እግዜር ለማን ብሎ ነው ከውሃ በታች ያስቀመጠው ብዬ ልቤ ተነካ፣ እንባዬም መጣ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በእፍኜ ቀዳሁና ቀመስሁት። ፊቴ ሲጨማደድ ዶክተሩ አየና፣ «አትደግሚም?» አለኝ።

ስንመለስ ደርሶ ከነቤተሰቡ የተነሣውን ፎቶ ይዤ መጣሁ። እናቴ ፎቶውን ይዛ ወደ በሩ ብርሃን ወጣች። አሁን ትረግማለች ስል ልጆቹን በጣቷ አንድ በአንድ ነካቻቸውና፣ «ትንሹ አባታችሁን ነው የመሰለው» ብላ አለቀሰች። በሳምንቱ ቁስቋም ሽማግሌ ላከች። በዳግማይ ትንሣኤ ተጋባን፤ ያዘዞው ነጋዴም ድግሱ ላይ መጥቶ ደህና አድርጎ በላ። ታዲያ ዶክተሩ ዓሣውን አየ፣ እናቴ ልጇን አገኘች፣ እኔ ሚስቴን አገኘሁ፣ ይህ ሁሉ የማን ጉብዝና ነው? የኔ ነዋ።

ምን ትያለሽ፣ ትርንጎ? ጮክ በይ፣ ልጆቹ ይስሙሽ።

«ጉብዝና ትላለህ? ያ ነጋዴ ሽማግሌ የላከው እኮ አንዴ አይደለም፤ ሦስቴ ነው። ሦስቴም አባቴ እግር ላይ ወድቄ ያስመለስሁት እኔ ነኝ።»

ሦስቴ? እኔ እኮ አንዴ መስሎኝ፤ ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር አንድ ቀን እንኳ አልነገርሽኝም!

«መች ጠየቅኸኝ?»