ኩልል ያለው ውሃ

እርጅና ዓይንን ያደክማል እንጂ ኩራትን አያደክምም። ጋሽ ዶማም በዚያ ማለዳ የቦያቸውን ውሃ ቁልቁል እያዩ «ከመስታወት በምን ይለያል!» ይሉ ነበር። «ዶማ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ረግረጉን ቆፍረውና አጠንፍፈው እርሻ ያደረጉት እሳቸው ናቸውና። ዛሬ የመጡት የቦዩን መዝጊያ ሳንቃ አንስተው ውሃውን ወደ ልጃቸው የዓሣ ኩሬ ሊለቁ ነው። ኩሬው በድርቁ ጎድሎ ዓሦቹ አፋቸውን እየከፈቱ ላይ ላይ ማለት ጀምረዋል፤ ባሏ የሞተባት ልጃቸው ደግሞ ከዚህ ኩሬ ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

ሳንቃው ዘንድ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ሲያዩ ክው አሉ። አምና የቀድሞዎቹ ዓሦች ባንድ ቀን አልቀው «ሰው መርዝ ጨመረ» ተብሎ ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ውሃ ዳር ሰው ባዩ ቁጥር ይደነግጣሉ።

«ማነሽ አንቺ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ፣ አይደንግጡ።»

የታናሽ ወንድማቸው ልጅ ናት፤ አፈር በሚመረመርበት መሥሪያ ቤት የምትሠራ፣ ለዕረፍት የመጣች። በእጇ ቀለሙ የተለወጠ ቀጭን ወረቀት ይዛለች።

«እባክዎ ሳንቃውን እንዳያነሱት። ውሃው አሲድ ሆኗል፤ ዓሣ ይፈጃል።»

«ምን ትላለች ይቺ! ድፍርስ ቢሆን እሺ። ጠጠሩ ተለቅሞ የሚቆጠርበት ውሃ?»

«የጠራውስ ለዚሁ አይደል? ድፍርሱን አሲዱ ወደ ታች አውርዶት ነው። እስቲ ልብ ብለው ይዩት ጋሼ፤ እንቁራሪት አለበት? ትል? አንድ አረንጓዴ ነገር?»

ሽማግሌው አጎንብሰው አዩ። ምንም የለም።

«ማነው ታዲያ የጨመረው?»

«ማንም አልጨመረውም። ከረግረጉ ሥር ያለው ጥቁር ጭቃ ውሃ ውስጥ እስከተኛ ድረስ ማንንም አይነካም። ቦዩ ጠልቆ ተቆፍሮ አየር ሲያገኘው ግን አሲድ ያበጃል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ አጥቦ ያወርደዋል።»

ቦዩን ካቻምና በአንድ ክንድ ያጠለቁት ራሳቸው ናቸው። ፍርሃት አንዱን ዝም ያሰኛል፣ ሌላውን ያስጮኻል፤ ጋሽ ዶማ ከሚጮኹት ወገን ነበሩ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ! ሠላሳ ዓመት የቆፈርኩትን ሰውዬ ይቺ ብጣሽ ወረቀት ታስተምረኝ?»

«ወረቀቱን አይመኑ ጋሼ። ዓሣውን ይመኑ።»

በሁለት ባልዲ ከቦዩ ቀዱ። ልጅቱ የእጅ ጓንቷን አጥልቃ፣ በጣሳ የበጠበጠችውን ኖራ በአንደኛው ባልዲ ላይ ጠብ እያደረገች አማሰለች። ያ መስታወት የመሰለ ውሃ ደፈረሰ፤ ዝገት ዝገት መሰለ።

«አበላሸሽው!» ብለው ጮኹ።

«ዝገቱ ፊትም ነበረበት። ሟሙቶ ስለተደበቀ አላዩትም።»

እስከ እኩለ ቀን ዝገቱ ዘቀጠ። እሷም ከላይ የጠለለውን ቀዳችና በወረቀቷ ለካች። ጋሽ ዶማ በገዛ እጃቸው ከኩሬው ሁለት ዓሣ አምጥተው አንዱን በታከመው፣ አንዱን ባልታከመው ውሃ ከተቱ። የመጀመሪያው ዞር ዞር ብሎ ረጋ። ሁለተኛው የባልዲውን ጎን በጭራው ደበደበ፤ ደጋግሞ ደበደበ፤ ከዚያ በጎኑ ተኛ።

«አውጪው! አውጪው እንጂ!»

አወጣችው፤ ግን አልተረፈም።

ሽማግሌው መሬት ላይ ዘጭ አሉ። የጣላቸው ዓሣው ብቻ አልነበረም። አምና የቦዩ ውሃ ወደ ኩሬው በተለቀቀ ማግስት፣ ዓሦቹ ባለቁበት ማለዳ፣ ጎረቤታቸው አናጺው ኩሬው ዳር እጁን ሲታጠብ ታይቶ ነበር። በሰው ፊት «እሱ ነው!» ብለው የጮኹት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ አናጺውን ሰላም የሚለው ጠፋ፤ ሚስቱም ከሰፈሩ ጉድጓድ ተከልክላ ውሃ ከሩቅ ትቀዳለች።

«ያምናውም... የኔው ቦይ ነው?»

«ባለማወቅ ነው ጋሼ።»

«ውሃውስ ባለማወቅ ይሁን። የሰው ስም ግን ምን አውቄ አጠፋሁ?»

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ የጠራ ውሃም እንዲሁ ነው። ጋሽ ዶማ «በይ ንገሪኝ፣ ምን ላድርግ?» አሉ። ይህችን ቃል ለመናገር ስንት ዓመት ፈጀባቸው!

«የቦዩን ጥልቀት መልሰን እንቀንሰው፣ ጥቁሩ ጭቃ ውሃ እንደለበሰ ይቆይ። ለዚህ የውሃውን ከፍታ የሚጠብቅ፣ በየደረጃው የሚነሳ ሳንቃ ያስፈልጋል። የተጠራቀመውን በኖራ እናክመው፤ ኖራም ሲበዛ ይገድላልና በልክ። ዝገቱ በጉድጓድ ይዝቀጥ፤ ውሃው በወረቀት ተለክቶ ጥቂት በጥቂት ይለቀቅ።»

ሳንቃ የሚሠራ ደግሞ በሰፈሩ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጋሽ ዶማ የሞተውን ዓሣ በጨርቅ ጠቅልለው የአናጺውን በር አንኳኩ። ሁሉንም ነገሩት። አናጺው መላጊያውን አስቀምጦ አያቸው።

«ሳንቃውን እሠራለሁ። ግን እርስዎ ‹እሱ ነው› ያሉት እዚህ በር ላይ አልነበረም።»

«አውቃለሁ» አሉ።

የታከመው ውሃ በተለቀቀበት ቀን ሰፈሩ ኩሬው ዳር ተሰበሰበ። ውሃው ቀስ እያለ ገባ፤ ዓሦቹ አልሞቱም፤ ልጃቸው አፏን በእጇ ይዛ አለቀሰች። በዚያው ዓመት ከቦዩ ዳር ቢጫ የነበረው ሰብል አረንጓዴ ለበሰ፣ የሳንቃው ብረት በአሲዱ መበላቱን ተወ፣ ጎረቤትም ቦይ ከመቆፈሩ በፊት ጭቃውን ማስመርመር ለመደ። ያን ዕለት ግን ሰው የሰማው ሌላ ነገር ነው። ጋሽ ዶማ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ያምናውን ዓሣ የፈጀሁት እኔ ነኝ፤ ይህ ሰው ንጹሕ ነው» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት የአናጺው ሚስት ባልዲዋን ይዛ ወደ ሰፈሩ ጉድጓድ መጣች። ወረፋ የያዙት ሴቶች አንገታቸውን ደፉ፤ ከዚያም አንዷ «ነይ፣ አንቺ ቅደሚ» አለቻት።