ዘይት የጠጣ ጎማ

የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ወደ ትልቁ ቁልቁለት ሲቃረብ ሹፌሩ የፍሬኑ ንፋስ እየወረደ መሆኑን አየና በአባቱ ጋራዥ በር ላይ አቆመ። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወረደ። አንዲት ወጣት ግን ፊቷ በራ፤ ቀጥታ ሄዳ ሽማግሌውን መካኒክ አቅፋ ሳመች። ለካ የእህታቸው ልጅ ናት። የመኪና ጥገና ሙያ ተምራ፣ ከጋራዡ ፊት ለፊት ባለው የመለዋወጫ መደብር ትሠራለች።

ሽማግሌው የፍሬኑን ንፋስ የሚቆጣጠረውን ቫልቭ ፈትተው ንፋሱን የሚያግደውን ላስቲክ አወጡ። እንደ ልማዳቸውም ከአሮጌ ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ክብ ቆርጠው በሞተር ዘይት ያሹት ጀመር።

«አጎቴ፣ ዘይቱን ለምን ይቀቡታል?»

«እንዳይደርቅ ነዋ! ይህንንም ትምህርት ቤት አላስተማሩሽም?»

«ያስተማሩኝ ተቃራኒውን ነው።»

«በይ እንግዲህ አስተምሪኝ! እኔ ይህን ሥራ ስጀምር እናትሽ ጥርስ አላበቀለችም ነበር።»

ሹፌሩ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ።

«አባዬ፣ ይህ ያወጣኸው እኮ በቅርቡ የቀየርከው ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ቁልቁለቱን የምወርደው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ሰው ጭኜ።»

ሽማግሌው ማሸቱን ትተው ላስቲኩን አስቀመጡ። ሰውን በሙያው መንካት ያማል፤ የነካው የገዛ ልጁ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ወጣቷም ይህ ገብቷት ነው መሰለኝ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አጎቴ፣ እጅዎን የሚጠረጥር የለም። ችግሩ ያለው ጎማው ላይ ነው። እስኪ የወጣውን ከአዲሱ ጋር ያስተያዩት።»

አስተያዩት። ሁለቱም በአንድ መቁረጫ የተቆረጡ ናቸው፤ የወጣው ግን እንደ ረጠበ ዳቦ አብጦ ልፍስፍስ ብሏል።

«እኔ ስለሳሳ የሚያስተነፍስ መስሎኝ በየጊዜው ወፈር አድርጌ እቆርጥ ነበር!» አሉ።

«ዘይት ጠጥቶ ነው። ይህ ላስቲክ የተሠራው ንፋስ እንዲይዝ እንጂ ዘይት እንዲችል አይደለም። ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ከመቀመጫው ጋርም አይገጥምም። እርስዎ ባይቀቡት እንኳ ንፋስ የሚሞላው ኮምፕሬሰር ከንፋሱ ጋር ጥቂት ዘይት ይልካል። ለዚህ ናይትራይል የሚባል ዘይት የሚችል ጎማ አለ።»

«ታዲያ ለሁሉም እሱን መግጠም ነዋ!»

«እሱም አይሆንም። በትንሽ መኪና የፍሬን ፈሳሽ የሚነካው ቦታ ሌላ ዓይነት ጎማ ይፈልጋል። በጣም የሚግል ቦታ ደግሞ ቴፍሎን የሚባለው ፕላስቲክ ይሻላል። አስቀድሞ ምን እንደሚነካውና ምን ያህል እንደሚግል መጠየቅ ነው።»

«እኔ ለካ ለሁሉም በሽተኛ አንድ ክኒን ሳድል ኖሬአለሁ!» አሉና ራሳቸው ቀድመው ሳቁ።

ልጅቷ መንገዱን ተሻግራ ትክክለኛውን ጎማ አመጣች። ሽማግሌው ሊገጥሙት ሲሉ እጃቸው ወደ ዘይቱ ጣሳ ሄደ፤ መንገድ ላይ አስታወሱና መለሱት። ከዕቃው ጋር የመጣውን ቅባት ጥቂት አስነክተው ገጠሙ። ሞተሩ ተነሣ። ንፋሱ ሞላ፤ አልወረደምም። ሽማግሌው ጋራዡን ቆልፈው ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡ።

«ምነው አባዬ፣ አላመንከውም?»

«ባላምነው አንተን እልክህ ነበር? ንዳ!»

ቁልቁለቱን በሰላም ወረድን። ለየቦታው የሚስማማውን ጎማና ፕላስቲክ መምረጥ መንገደኛን ከመጉላላት፣ ሹፌርን ከስጋት፣ መካኒክንም አንድ ሥራ ደጋግሞ ከመፍታት እንደሚያድን ያን ጊዜ በዓይኔ አየሁ።

ከቁልቁለቱ ግርጌ አውቶቡሱ «ጭስስ» ብሎ ሲቆም ሽማግሌው ያበጠውን ላስቲክ ከኪሳቸው አወጡ።

«አልጣልከውም እንዴ?» አለ ልጃቸው።

«ለሰፈሩ መካኒኮች አሳያቸዋለሁ» አሉ። «ዘይት መቀባትን የተማሩት ከእኔ ነው።»